«አፍሪካ ዩናይት»፦ ሦስት ፊልም በአንድ

«አፍሪካ ዩናይት» በስቴፋኒ ብላክ ተዘጋጅቶ በ2000 ዓ.ም. ለእይታ የበቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። መነሻው ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ በነጻ የተካሄደው የሙዚቃ ድግስ ነው። ዕለቱ የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት ቀን ነበር። እናቱ፣ ባለቤቱ ሪታና ልጆቹ አዲስ አበባ መጡ፤ አደባባዩም በመቶ ሺዎች ተጥለቀለቀ።

የሙዚቃ ድግስን በፊልም የመተረክ ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ዉድስቶክ ነው። በሂፒዎቹ ዘመን፣ ነሐሴ 1961 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በአንድ ወተት አምራች ገበሬ ማሳ ላይ የተሰበሰበውን ወጣት ማይክል ዋድሌይ ሲቀርጽ፣ ጭቃውንም ዝናቡንም ረጋ ብሎ አሳይቷል። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። «አፍሪካ ዩናይት» በሰዓት ተኩል ገደማ ኮንሰርቱን፣ ስለ አፍሪካ አንድነት የተደረገውን የወጣቶች ጉባኤና የአንድ ሽማግሌን ጉዞ ደርቦ ይዟል። ሦስቱ ይሻማሉ፤ አንዱ ሲጥም ሌላው ያቋርጠዋል።

የልጃገረዶችን በዓል ሻደይን ሰቆጣ ላይ ያየ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ነሐሴ 16 ከተማዋ በልጃገረዶች ስትሞላ፣ ከሩቅ የሚታየው ሕዝብ ብቻ ነው። የበዓሉ ውበት ያለው አንዷ ልጅ ወገቧ ላይ ባሰረችው ለምለም የሻደይ ሣርና ከበሮውን ተከትሎ በሚወዛወዘው አካሏ ላይ ነው።

የብላክም ፊልም ልብ የሚነካው ወደ አንድ ሰው ሲጠጋ ነው። ቦንጎ ቶውኒ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡ ጃማይካዊ ራስተፈሪያን ናቸው። ከጉዟቸው ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ፤ ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት መሬት፣ እንዲሁም ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላኑን የከበበው ሕዝብ። ጃንሆይ ለመውረድ እንኳ መጠበቅ ነበረባቸው። ለቦንጎ ቶውኒ አምላክ የሆኑት ንጉሥ፣ ለአዲስ አበባ ሰው መስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱ መሪ ናቸው። ይህ ልዩነት ብቻውን ፊልም ይወጣዋል፤ እዚህ ግን በቂ ጊዜ አላገኘም።

ሦስቱን ጉዳዮች በእርግጥ የሚያስተሳስረው «ዋር» የተሰኘው ዘፈን ነው። ጃንሆይ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ማርሌይ በ1968 ዓ.ም. ዜማ አድርጎ አወጣው። የጃንሆይ ቃል በኪንግስተን በኩል ዞሮ፣ በማርሌይ ልጆች አንደበት መስቀል አደባባይ ደርሷል።