ፊልም አንሺ መሆን ለምን እፈልጋለሁ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በዚህ ዓመት ከዘመድም ከጎረቤትም የማያመልጠው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ወደፊት ምን ልትሆን ታስባለህ?» የሚል ነው። ጓደኞቼ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ የሕግ ዐዋቂ ብለው ሲመልሱ የሚሰማቸው ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔ ግን «ጦርነትና ሁከት ባለበት እየገባሁ የሕዝቡን ኑሮ በፊልም ማንሣት እፈልጋለሁ» ብዬ በመለስሁ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ጥቂት ቆይቶ «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!» አለኝ። እነሆ፥ ሣሩንም ገደሉንም ማየቴን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቀረብሁ።

አሳቡ ያደረብኝ በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነቱ ከተማችን ደሴ ሲደርስ ቤተሰባችን እንደ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ፤ እኔም የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በመንገድ አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ሲሄዱ፥ አንዲት እናት የቤቷን ቁልፍ በአንገቷ አሥራ ስትጓዝ አይቻለሁ። ከተመለስን በኋላ ይህን ያየሁትን ነገር በፊልም ፈለግሁት። ያገኘሁት ግን አንዱ ወገን ሌላውን የሚከስበትን ብቻ ነበር እንጂ የእኛን መንገድ የሚያሳይ አልነበረም። ያልታየ ነገር እንዳልተደረገ ሊቈጠር ነው ብዬ ፈራሁ።

ይህን ፍርሃቴን በሚኒ ሚዲያ ክበባችን በተናገርሁ ጊዜ፥ አንድ መምህራችን የመሐመድ አሚንን ታሪክ አጫወቱን። መሐመድ በ1935 ዓ.ም. በናይሮቢ የተወለደ፥ የዘር ሐረጉ ከፑንጃብ የሆነ የኬንያ ሰው ነበር። ገና በ11 ዓመቱ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዝቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ፤ 20 ዓመት ገደማ ሲሆነውም በዳሬሰላም ካሜራፒክስ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። በጥር ወር 1956 ዓ.ም. በዛንዚባር አብዮት ሲነሣ ከቦታው ተገኝቶ ፊልም አነሣ። በሌላ ጊዜም በዚያው ደሴት ያነሣው ፊልም ባለሥልጣኖቹን ስላስቈጣ ታሥሮ ተሠቃየ። በሰኔ 1961 ዓ.ም. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲመቱ ፈጥኖ የደረሰውም እርሱ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይበልጡን የምናስበው በኮረም ሥራው ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከማይክል ቡርክ ጋር ወደ መቀሌና ወደ ኮረም ሄዶ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየ። ያየውም ሕዝብ ደነገጠ፤ ከየአገሩ እህልና ገንዘብ ተላከ። በሐምሌ ወርም ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ ተደረገ። አንድ ሰው በትከሻው የተሸከመው ካሜራ ይህን ያህል መሥራቱ አስደነቀኝ። አባቴ ያላየሁ የመሰለው ሣር ይህ ነው።

አያቴ፥ የአባቴ እናት፥ በዚያ ዓመት ከቆቦ ገጠር ተሰደው ኮረም ነበሩ። አባቴ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ሕፃን ነው። ፊልሙን በስልኬ ካገኘሁት በኋላ ላሳያቸው ወይስ ልተወው እያልሁ ብዙ ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ «እምዬ፥ የኮረም ፊልም አለ፤ ያዩታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አምጣው እስቲ» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ብርዱ አይታይም» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦

«ብዙ ሰው መሣሪያ ይዞ እየመጣ አይቶናል። እህል ሊሰፍሩልን የሚቈጥሩን መስሎን እንሰለፍ ነበር። ስንዴው ሲመጣ ብዙ ሰው ተረፈ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ልጄ፥ ስምሽ ማነው ያለኝ የለም። ለምን ከቤትሽ ወጣሽ ያለኝም የለም።»

«ለምን ወጡ?» አልኋቸው። «ዝናቡ ቀረ። መንገዱንም ጦር ዘጋው። ገበያ የሚወጣ ጠፋ» አሉኝ።

አያቴ ያዩዋቸው ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ አይታወቅም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በትግራይና በሰሜን ወሎ በደርግ ሠራዊትና በአማፅያን መካከል ጦርነት ነበረ። መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በብዙ ወጪ አክብሮ ነበር። ለዓለም የታየው ግን ድርቁ ነው እንጂ ጦርነቱ እምብዛም አልታየም። ከዚህ የተማርሁት፥ የተራበ ሰው ፊት ማሳየት ታላቅ ሥራ ቢሆንም የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ነው። እኩሌታው ደግሞ ስሙን መጠየቅና ለምን ተራብህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ገደሉ ልምጣ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ መሐመድ ፊልም ሊያነሣ ሄደ። ድምፅ ቀራጩ ጆን ማታይ ሞተ፤ መሐመድም የግራ እጁን አጣ። እርሱ ግን በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ አውሮፕላኑ ተጠለፈ፤ ነዳጁም አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ መሐመድም አንዱ ነበር። ዕድሜው 53 ነበር። አባቴ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔም እፈራለሁ።

ባለፈው እሑድ የመጀመሪያ ፊልሜን በስልኬ ማንሣት ጀመርሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ አያቴን በበራፉ አጠገብ አስቀመጥኋቸውና «ስምዎ ማነው?» ብዬ ጀመርሁ። እስከ አያታቸው ድረስ ቈጥረው ነገሩኝ። ሲመሽ መብራት ጠፋ፤ አባቴም ሳልለምነው ባትሪ ይዞ መጣና ያበራልን ጀመር። አያቴ ኮረም ስለ ቀበሯት ልጃቸው ሲናገሩ፥ አባቴ ባትሪውን እንደ ያዘ «እኅቴ ስሟ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ይህን ጥያቄ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። አያቴም ነገሩት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤታችን ነውና።

አባቴ እስካሁን አልፈቀደልኝም፤ እኔም ያለ ፈቃዱ አልሄድም። ነገር ግን ውድ ጓደኞቼ፥ የሁላችንም ቤት ያልተጠየቀ ሰው አለበትና፥ ሐኪምም ሆናችሁ መሐንዲስ አስቀድማችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። እኔም አባቴ ባትሪውን ሲይዝልኝ ያየሁትን ተስፋ ይዤ ፈተናዬን እጠብቃለሁ።