የዘገየው የማን ድምፅ ነበር?



ዛሬ የምጽፍላችሁ በገዛ እጄ ስለሠራሁት ስህተት ነው። ነገሩ ኢንተርኔት ላይ መልስ ለመምጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ስለ መለካት ነው። «መድረሳ ያደገ ሰው ይሄ ምኑ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ታገሡኝ።

ኮምቦልቻ በአንድ መስጂድ ኢማማችንን አግዛለሁ። ልጆች አስቀራለሁ፣ የጁምዓውን ኹጥባ በስልኬ ቀርጬ ገጻችን ላይ እጭናለሁ። ጁምዓ ማታ ከዒሻ በኋላ ደግሞ ዐረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩ ሰባት እህቶች የሒፍዝ ፈተና አለኝ። በስልክ ነው፤ በድምፅ ብቻ።

ፈተናውን ታውቁታላችሁ። እኔ ከሱራው መሃል አንድ አያ እጀምራለሁ፣ ተማሪዋ ከዚያ ትቀጥላለች። በቃሉ የያዘ ሰው ወዲያው ይቀጥላል። ሙስሐፍ የሚገልጥ ሰው ግን መጀመሪያ ዝም ይላል። መድረሳ ያደግን ሁሉ ያቺን ዝምታ እናውቃታለን።

ሪያድ ያለች አንዲት እህት ተራዋ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር። ሦስት ጁምዓ በተከታታይ እጀምርላታለሁ፣ ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ እቆጥራለሁ። ከዚያ አንድም ሳትሳሳት ታነባለች። አለመሳሳቷ ራሱ ጥርጣሬዬን አባሰው። በሦስተኛው ሳምንት ስድስቱ እህቶች እየሰሙ «እህቴ፣ ሙስሐፉን ዝጊው» አልኳት።

«ወላሂ ኡስታዝ፣ ዝግ ነው።»

«አላህን ፍሪ» አልኳት። በሚቀጥለው ጁምዓ አልገባችም።

በዚያው ምሽት ኮምፒዩተር የተማረ የሰፈራችን ልጅ የመስጂዱን ዋይፋይ ሊያይልን መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የመጨረሻዋ ተራ የሌላ እህት ሆነ። አያውን ጀመርኩላት። ያቺው ዝምታ መጣች። ልቤ ደነገጠ። ይቺኛዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስቀራኋት ናት፤ እንደማታጭበረብር አውቃለሁ።

ልጁም ዝምታውን ሰምቷል። ላፕቶፑን ከፍቶ «ኡስታዝ፣ እስቲ ፒንግ እናድርግ» አለኝ።

ፒንግ እንደ ሰላምታ ነው። ኮምፒዩተራችሁ ሩቅ ላለ ሰርቨር «አለህ?» የሚል ትንሽ መልእክት ይልካል፣ ያኛው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። በመሃሉ ያለፈው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይቆጠራል። አንድ ሰከንድ 1,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ፕሮግራሙን በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ማይክ ሙስ የሚባል በአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ነው። ስሙን የወሰደው መርከቦች ውኃ ውስጥ ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን በመስማት ርቀት ከሚያውቁበት መሣሪያ ነው።

ልጁ መጀመሪያ የለካው ሩቁን አልነበረም። የራሳችንን ራውተር ነበር፤ ቁጥሩ 192.168.1.1 ነው። 3፣ 2፣ 4 ሚሊ ሰከንድ መጣ። «ዋይፋዩ ደህና ነው» አለ። ቀጥሎ ከመስጂዱ ውጪ ያለውን የጉግልን 8.8.8.8 ለካ። 1,280 አለ። 1,410። አንዱ ጭራሽ ሳይመለስ ቀረ። 1,350።

«ኡስታዝ፣ አሁን የሚጭኑት ነገር አለ?»

ስልኬን አየሁት። የኹጥባው ቪዲዮ እየተጫነ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ በየጁምዓው ፈተናው ሊያልቅ ሲል እጀምረዋለሁ። አቆምኩት። ቁጥሩ እዚያው ዓይኔ እያየ 118፣ 115፣ 121 ሆነ።

ልጁ በቧንቧ አስረዳኝ። አንድ ቧንቧ ላይ በርሜል የሚሞላ ሰው ቀድሞ ከቆመ፣ አንድ ኩባያ ውኃ የፈለገም ወረፋ ይጠብቃል። ወደ ውጪ የሚሄደው መስመራችን ጠባብ ነው። ቪዲዮው ራውተሩ ላይ ወረፋውን ሞልቶታል፣ የእኔ ድምፅ ከኋላው ቆሟል። እኔ የጀመርኩት አያ እሷ ጆሮ የሚደርሰው ከሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነበር። እሷ እንደሰማች ትቀጥላለች፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ዝምታዋን እቆጥራለሁ።

«ርቀቱ አይደለም ወይ?» አልኩት። አብረን አሰላን። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከኮምቦልቻ ሪያድ በቀጥታ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ያለ ገመድ ቢኖር ደርሶ መልሱ 20 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ግን ባሕር የለንም፤ ወደ ባሕሩ ገመድ የምንደርሰው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው፣ የምንደዋወልበት ሰርቨርም አውሮፓ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቶ ምናምን የተለመደ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም ለስልክ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። ከሰከንድ በላይ ሲሆን ግን ወረፋ ነው እንጂ ርቀት አይደለም።

ከሁሉ የነካኝ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። ፒንግ የሚሰጣችሁ የደርሶ መልሱን ድምር ብቻ ነው። ስትሄድ ዘገየች ወይስ ስትመለስ? ቁጥሩ አይናገርም። እኔ ደግሞ ያለ ምንም መለኪያ «ከእሷ በኩል ነው» ብዬ ፈርጄ ነበር። መልስ የማይሰጥ ሰርቨርም ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ለፒንግ እንዳይመልሱ የተደረጉ፣ ሥራቸውን ግን በደንብ የሚሠሩ አሉ።

ሱረቱል ሑጁራትን ስንቴ አስቀርቻለሁ! ስለ መጥፎ ጥርጣሬም ስለ ማጣራትም ለሰው አስተምሬያለሁ። መድን በሐረካ ቆጥሬ የማርም ሰው፣ የአንዲትን እህት ክብር ግን በግምት ቆጠርኩ።

ያስከፋኋት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታዬንም በሰው ፊት ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ጁምዓ ለስድስቱ እህቶች የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ለእሷም በድምፅ ላክሁላት። በአራተኛው ቀን መለሰችልኝ፦ «ዐፍው ብያለሁ ኡስታዝ። ግን እዚሁ ካለች አንዲት ኡስታዛ ጋር ጀምሬያለሁ።» ሌላ አልጨመረችም። አልሐምዱሊላህ፣ ሒፍዟን አላቋረጠችም። እኔ ግን ተማሪዬን አጥቻለሁ።

እናንተ በስልክ የምትቀሩና የምታስቀሩ፣ ድምፅ ሲዘገይባችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ራውተር ለኩ፣ ከዚያ የውጪውን። አንዴ ብቻ ለክታችሁ አትፍረዱ፤ አሥር ጊዜ ለኩ፣ ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ እሱም ችግር ነው። የሚጫን ነገር ካለ አቁሙና እንደገና ለኩ። ሰውን መጠርጠር ከመጣባችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ።

እኔ አሁን ኹጥባውን የምጭነው ከፈተናው በኋላ ነው። ለዚያች እህት ዱዓ አድርጉላት፣ ለእኔም።