ለእማዬ፣ ስለ ጦስኙ

እማምዬ፣

ሽንትሽን እያቃጠለሽ ከደጋ የወረደ ጦስኝ አፍልተሽ እንደምትጠጪ እህቴ ነገረችኝ። እንደ ሀብሩ እናቶች ሁሉ "ብርድ ነው" ብለሻል አሉ። ለምን ጠጣሽ አልልሽም፤ በ2014 መግቢያ፣ በጦርነቱ፣ ፋርማሲው ባዶ ሲሆን ያለን እሱ ነበር።

ጀርም ይገድላል ማለትሽም ልክ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አብዛኛውን የሽንት ኢንፌክሽን የሚያመጣውን ኢ-ኮላይን ሳህን ላይ ይቀቡና በጦስኝ ዘይት የተነከረች ክብ ወረቀት ጣል ያደርጉበታል። አድሮ ሲታይ ሳህኑ በጀርም ደፍርሶ ወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል፤ በማስመሪያ ይለኩታል። በአገራችን ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚቀርበው ማስረጃ አብዛኛው እዚያው ቀለበት ላይ ይቆማል።

አንቺ ግን ሳህን አይደለሽም። ጀርሙን የሚገድለውን ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነትሽ ለውጦ ነው ወደ ሽንት የሚሰደው። የተፈተነው ሌላ፣ ፊኛሽ የሚደርሰው ሌላ።

ታዲያ በፊት ለምን ተሻለሽ? አንዳንዱ በራሱ ይድናል። ደግሞም ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ ነው የምትጠጪው! እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ሕመሙ የሚመላለስባቸውን 140 ሴቶች (ካንቺ በዕድሜ ያነሱ ናቸው) ተከታትሎ ነበር። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ውሃ የጨመሩት በዓመት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመዋል።

ውሃው ለመከላከል ነው፤ ለያዘው ሰው ሌላ ነገር ነው። ጀርመኖች ኡቫ ኡርሲ የሚባለውን የሽንት ቅጠላቸውን ከአንቲባዮቲክ ጋር በሰው ላይ አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ቅጠሉን ከወሰዱት ብዙዎቹ ያለ አንቲባዮቲክ ቢወጡትም ሕመሙ በርትቶባቸዋል፤ ኩላሊታቸው ድረስ የዘለቀባቸው ደግሞ 8 ናቸው፣ ከሌላው ወገን 2። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ስኳር ባለባት እናቴ ላይ ግን አልሞክረውም።

ስለዚህ ነገ በጠዋት መርሳ ሆስፒታል ሂጂ። ጎረቤት የተረፋትን ክኒን እንዳትውጪ፣ ምርመራውን ያበላሸዋል። የመጀመሪያውን ሽንት ልቀቂና የመሐሉን በዕቃው ያዢ። ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም ጎንሽን መውጋት ከጀመረሽ ግን ነገን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

አብሽሪ እማዬ። ውጤቱን እንዳወቅሽ ደውዪልኝ፤ የታዘዘልሽን መድኃኒት ስም ከወረቀቱ ላይ እህቴ ታንብብልኝ።

ልጅሽ፣ ከወልድያ