ጥምቀት በጎረቤላ

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደረስባታል። መንገዱ የገብስና የስንዴ ማሳዎችን ያቋርጣል። በጥር አዝመራው ተሰብስቦ አብዛኛው ተወቅቷል፤ ገበሬውም ከዓመቱ ከባድ ሥራ ትንፋሽ የሚያገኝበት ጊዜ ነው። ሜዳው ድንገት ያልቅና ከደጋው ጫፍ ላይ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ጎረቤላና የቀድሞዋ አንኮበር ያሉት በዚህ ተዳፋት ላይ ነው። እዚህ አገር ታቦት ማጀብ ዳገት መውጣትና ቁልቁለት መውረድ ነው፤ የበዓሉም ውበት ግማሹ ከዚህ ይመነጫል። በጠመዝማዛው መንገድ የሚመጣው ሕዝብ ከሩቅ ይታያል፤ ዝማሬው ግን ከሰዎቹ በፊት ይደርሳል።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የአውሮፓ መልእክተኞችን የተቀበሉት በዚህ አካባቢ ነው። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋብተዋል። ከአምባው በታች ያለችው አልዩ አምባ የአርጎባ ሙስሊሞች የንግድ ከተማ ስትሆን፣ በነገሥታቱ ዘመን ከባሕር በር የሚመጣው ቅፍለት የሚያርፍባት ነበረች። መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከዞረ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ፈርሶ ጥቂት ቅሪት ብቻ ቀረ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን አገልግሎታቸው አልተቋረጠም። ጥምቀትን በዚህ ስፍራ ማየት፣ ቤተ መንግሥት ያለፈበትን መንገድ ታቦት ሲሄድበት ማየት ነው።

ታቦት በጥምቀት ዋዜማ ከመንበሩ ወጥቶ ውሃ ዳር የሚያድርበት ሥርዓት በአንድ ቀን የተደነገገ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ታቦታት ወደ ወንዝ መውረድ የጀመሩት በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ነው። ቅዱስ ላሊበላ የአንድ አካባቢ ታቦታት በአንድ ጥምቀተ ባሕር እንዲሰበሰቡ አደረገ። ውሃው ዳር እንዲያድሩ የወሰነው ደግሞ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ይባላል። ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን የቆረቆረ ንጉሥ ነው። ወደ ጎረቤላ የሚሄድ መንገደኛ እንግዲህ ጉዞውን የሚጀምረው የከተራን ሌሊት ደነገገ ከሚባለው ንጉሥ ከተማ ነው።

ጥር 10 ከተራ ነው። ውሃው ተከትሮ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ከቀትር በኋላ ደወል ይደወላል። ታቦቱን የሚያከብሩት ካህን በራሳቸው ተሸክመው፣ በወርቀ ዘቦ ተሸፍኖ፣ ድባብ ተዘርግቶለት ሲወጣ እልልታው ይቀልጣል። ካህኑ የሚራመዱት በዝግታ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ግራና ቀኝ ያሉ ዲያቆናት ክንዳቸውን ይደግፋሉ። ከፊታቸው ወጣቶች ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ምንጣፉ የመንገዱን ያህል ስለማይረዝም፣ ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሕዝቡ ዳር እየሮጡ ወደ ፊት ይደርሳሉ፤ እንደገናም ይዘረጉታል። ላባቸው ፊታቸውን አጥቦት፣ ነጭ ልብሳቸው አቧራ ለብሶ፣ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ ይህንኑ ሲደጋግሙ ይውላሉ። ይህን ያየ ሰው በዓሉ በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሌሊቱ ብርቱ ነው። የጥር ብርድ በአንኮበር ደጋ አጥንት ይሰብራል፤ በጋቢ ላይ ባና ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ የደረበ ሁሉ እሳት ዳር ይሰበሰባል። በድንኳኑ ማኅሌት ይቆማል፤ መቋሚያና ጸናጽል ከከበሮ ጋር ተስማምተው ያድራሉ፤ ከዚያም ቅዳሴ ይቀደሳል። ከውጭ ሽማግሌዎች ቆሎና ጠላ እየተቀባበሉ ይጨዋወታሉ፤ ልጆች በእናቶቻቸው ነጠላ ተጠቅልለው ያንቀላፋሉ።

የጥምቀት ሌሊት ብርድ በጽሑፍም ተመዝግቧል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ፊት የተከበረ ጥምቀት አይቶ ነበር። ሜዳ ላይ የተቆፈረውን ገንዳ፣ ውሃ እንዳያሰርግ የተነጠፈበትን የጥጥ ጨርቅ፣ እስከ ትከሻቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ሕዝቡን ሲያጠምቁ ያደሩትን፣ በውርጭ የደነዘዙትን አረጋዊ ካህን ገልጿል። አልቫሬዝ ጥምቀት አይደገምም ብሎ ቢከራከርም፣ ያየውን በጥንቃቄ በመጻፉ የኢትዮጵያ ታሪክ ውለታው አለበት።

ጥር 11 ሲነጋ ከአራቱ ወንጌላት ይነበባል፤ ውሃውም በመስቀል ተባርኮ ይረጫል። ወጣቱ ወደ ፊት ይጋፋል፤ አዛውንቱ ባሉበት ሆነው ፊታቸውን ወደሚረጨው ውሃ ያቀናሉ። ጠበሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ የነካው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይስቃል። ለታመመ ወይም ቤት ለቀረ ሰው በኮዳና በጀሪካን ተቀድቶ ይሄዳል። ከዚያ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ ጭፈራው ይደምቃል። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን አድሮ በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ይገባል፤ በዓሉም ሦስተኛ ቀን ያገኛል። ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ ደረት በሎሚ የሚመታበት የቆየው ወግም የዚህ ጭፈራ አካል ነው።

ጥምቀት ምዕራባውያን ኤጲፋንያ የሚሉት በዓል ነው፤ በስፔን ከተሞች ግን ሌላ መልክ አለው። በምዕራቡ አቆጣጠር ጥር 5 ምሽት ሰብአ ሰገልን የሚወክሉ ሦስት ነገሥታት በተሸለመ ሠረገላ እየዞሩ ለልጆች ከረሜላ ይበትናሉ። ምዕራባውያን ከበዓሉ የሰብአ ሰገልን ስግደት፣ ምሥራቃውያን የዮርዳኖስን ጥምቀት አጉልተው ያዙ። የስፔኑ ሰልፍ ተመልካቹን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያቆመዋል። ጎረቤላን በመሰለች ትንሽ ከተማ ግን ቆሞ የሚያይና የሚያከብር ተብሎ አይለይም፤ መንገዱ ላይ የተገኘ ሁሉ አጃቢ ነው። ጥምቀት ታኅሣሥ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ጎንደርና ጃን ሜዳ ይበልጥ ዝናን አተረፉ። ቅርሱን ያቆየው ግን በየገጠሩ ታቦቱን ተከትሎ የሚወርደው ሕዝብ ነው። ለምሳሌ አንኮበር በምትገኝበት በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ ኢራንቡቲ፣ ከ40 በላይ ታቦታት በአንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ።

ወደ ጥምቀት ብቻን አይኬድም። እንግዳ ሰው አብሮ የሚሄድ ወዳጅ፣ በተለይም የአገሩን ልጅ፣ ቢይዝ ይበጀዋል። ወዳጁ የት መቆም እንደሚገባ፣ ታቦት ሲያልፍ መንገድ መልቀቅና ዝቅ ማለት እንዳለበት፣ ፎቶ ለማንሳት ማንን መጠየቅ እንደሚያሻ ያሳየዋል። ከሁሉም በላይ ከሥርዓቱ በኋላ ቤት ይወስደዋል። የቤቱ እመቤት ድፎ ዳቦ ቆርሰው፣ ጠላ ቀድተው፣ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» እያሉ ያስተናግዳሉ፤ እንግዳው አንድ ቤት ቀምሶ ሌላውን መዝለል አይችልም። ከደብረ ብርሃን የሚነሱ ሚኒባሶች በበዓሉ ሰሞን ቶሎ ስለሚሞሉ ተጓዦች ከከተራ አንድ ቀን ቀድመው ቢገቡ ይመረጣል። በዓሉ በምዕራቡ አቆጣጠር ጥር 19 ይውላል፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ጥር 20 ይሆናል።