ኪሳችን ውስጥ ያለው ስኳር

በቤታችን ጠዋት ሁለት ነገር ይቀድማል፤ ጸሎትና የስኳር መለኪያ። ከሁለታችን ኢንሱሊን የምትወጋው የቤቱ እናት ናት፤ ሕመሙን የምንኖረው ግን አብረን ነው። ዛሬ ለብዙ ጊዜ ያፈርንበትን ነገር ልንነግራችሁ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ከአጥቢያችን ወገኖች ጋር ለጸሎት ወደ እንጦጦ ወጣን። እርሷ እንደ ልማዷ የጠዋቱን ኢንሱሊን ተወግታ ነበር። እንዳንዘገይ ብለን ግን ቁርሱን በቁራሽ ዳቦ አለፍነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ከረሜላም እያየነው ትተነው ወጣን። ምክንያቱን አንሸሽግም፦ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ስለ ፈውስ አስተምረን ነበር። "የፓስተሩ ቤት ከረሜላ ይዞ ይዞራል" እንዳንባል ፈራን።

ዳገቱን ስናጋምስ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ የጠየቅናትን ትታ ሌላ መመለስ ጀመረች። ለወገኖች "ደክሟት ነው" አልንና ቆመን መጸለይ ጀመርን። ነርስ የሆነች አንዲት እህት ግን ዓይኗን አልጨፈነችም።

"ፓስተር፣ ጸሎቱ ይቀጥል፤ ግን ስኳራቸው ወርዷል። ጣፋጭ የያዘ ሰው አለ?"

አንድ ወጣት ከቦርሳው የጀመረውን ለስላሳ አወጣ። ቀስ እያለች ጠጣች። ወደ ራሷ እስክትመለስ የጠበቅነው ሩብ ሰዓት በሕይወታችን ረጅሙ ነበር።

በኋላ ሐኪሟ ነገሩን አስረዱን። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ቆሽቱ ኢንሱሊኑን በራሱ ይቀንሳል። በመርፌ የገባው ኢንሱሊን ግን አንዴ ከገባ አይመለስም። የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ስኳርን ከደም ይስባል። ሁለቱ ሲገናኙ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ይህም ከእንቅስቃሴው ሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይም ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ መራመዱን አልተውንም፤ አካሄዳችንን ግን ቀየርን። ከመውጣታችን በፊት እንለካለን። ከ90 በታች ከሆነ ሳትበላ አንነሣም። ከ250 በላይ ሆኖ ኬቶን ከታየ ደግሞ ያን ቀን እቤት እንውላለን። ዳገት በምንወጣበት ቀን ጭኗ ላይ አትወጋም፤ የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ፈጥኖ ይስበዋልና። ከ70 በታች ሲወርድ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ ትጠጣለች፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመን እንለካለን። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። የኢንሱሊኑን መጠን መቀነስ ሲያስፈልግም ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ እንጂ በራሳችን አናደርገውም።

በእነዚያ ሳምንታት 1ኛ ነገሥት 19ን ደጋግመን አነበብን። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን ሲለምን፣ በቀርሜሎስ እሳት ያወረደው አምላክ በመጀመሪያ የላከለት ስብከት አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነበር። የሚጠብቀው መንገድ ሩቅ ነበርና ሁለት ጊዜ አስነሥቶ አበላው። ኤልያስም ያን ምግብ በመብላቱ እምነት አጎደለ የሚል የለም። ኮረብታው ላይ የቀረበልን ለስላሳም ከዚያው እጅ የመጣ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እየጸለይን ሳለን መልሱ በአንድ ወጣት ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እኛ ግን ያንኑ መልስ ጠረጴዛችን ላይ ትተነው ወጥተን ነበር።

ጌታ ይፈውሳል ብለን ዛሬም እናምናለን፤ ስለ እርሷም መጸለይ አላቆምንም። ንስሐ የገባነው ስለ ሕመሙ አይደለም፤ ስለ ጭምብላችን ነው። ለሰው ዓይን ስንል የእርሷን ነፍስ አደጋ ላይ ጣልን።

ይህንን በጉባኤ ፊት በተናገርን ዕለት፣ ከአምልኮ በኋላ አንድ አባት ቀርበው እጃችንን ያዙና "እኔም እኮ ስወጋ ተደብቄ ነው" አሉን። አብረን አለቀስን። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ጋር ይራመዳሉ።

ወገኖች፣ በኅብረታችሁ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ ሳያፍር እንዲነግራችሁ በር ክፈቱለት። ምልክቱን እወቁ፤ ጸልዩለት፤ ኪሳችሁ ውስጥም ጥቂት ስኳር ያዙለት። እኛ ዛሬ ስንወጣ ትንሿን መጽሐፍ ቅዱስና በወረቀት የተጠቀለለውን ስኳር በአንድ ኪስ ይዘን ነው።

ጸጋ ይብዛላችሁ።