ወደ ጀማ ንጉስ በእግር፦ ስለ ጫማ፣ ስለ ስኳርና ስለ አንድ ስለት



መውሊድ በተቃረበ ቁጥር "በእግር ልንሄድ አስበናል፣ ምን እንያዝ?" የሚል ጥያቄ ይደርሰናል። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ጽፎ ማስቀመጡ ይሻላል ብለናል። እኛ ከደሴ ጀማ ንጉስ በእግር የሄድነው በ2015 ነው፤ ያን ዓመት መውሊድ ቅዳሜ መስከረም 28 ዋለ። ስድስት ነበርን። አምስታችን ወጣቶች፣ ስድስተኛው የአንዳችን አባት። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንዲሁ እንጠራቸዋለን። ይህን እንድንጽፍ ፈቅደውልናል፣ "እግሬን ግን ፎቶ አንስታችሁ እንዳትለጥፉ" ብለዋል።

ጉዞው የእኛ ሐሳብ አልነበረም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የአባባ ቤተሰብ እንደ ብዙዎቻችሁ ተበታተነ። ልጆቻቸው በሐረጎ ቁልቁል በእግራቸው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ተጠፋፉ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮምቦልቻም ተያዘች። ስልክ የለም። አባባ ቤት ጠባቂ ሆነው ቀርተው ነበርና በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ተሳሉ፦ ልጆቼ በሙሉ በሕይወት ከተመለሱ ጀማ ንጉስ ድረስ በእግሬ ሄጄ ዱዓ አደርጋለሁ ብለው። ከተማው ኅዳር መጨረሻ ከተለቀቀ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ። የመጨረሻዋ በጥር ነው የገባችው፣ አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ስለት ስለት ነው። አባባ ግን 67 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ከያዛቸው ደግሞ 11 ዓመት አልፏል። ብቻቸውን አንልክም ብለን ተከተልን።

ለማታውቁት፣ ጀማ ንጉስ ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ በአልብኮ በኩል ያለ፣ ከ200 ዓመት በፊት ታላቁ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት የዒልምና የዱዓ ቦታ ነው። ወሎ ውስጥ መውሊድን በጀማዓ ማክበር ሲነሳ ስማቸው አብሮ ይነሳል። ዛሬ አብዛኛው ዘያሪ በመኪና ነው የሚመጣው። በእግር የሚመጣውም አልጠፋም፤ መንገድ ላይ ከየቀበሌው እየተቀላቀለ፣ መንዙማ እያለ ይሄዳል።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ። የእኛ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ይቀድማል። በ2017 እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የገባው፤ አንዴ በመስከረም መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ። እኛ የሄድነው አደይ አበባው ፈክቶ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነበር። ከአሁን በኋላ የምትሄዱት ግን ክረምት መሐል ነው። ጭቃውን፣ የሞላውን ወንዝና ጉሙን አስባችሁ ተነሱ። ወንዝ ከሞላ የአገሬውን ሰው ሳትጠይቁ አትግቡ፣ ጠብቁ። ከሰዓት በኋላ የዘነበ እንደሆነ ጠዋት ብዙ ጊዜ ጎድሎ ይገኛል።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ትወርዳላችሁ። "ቁልቁል ነው፣ ቀላል ነው" የሚላችሁን አትስሙ። ዳገት ሳንባን ነው የሚፈትነው፤ ቁልቁል ግን ጉልበትንና የእግር ጣትን ይጨርሳል። ሐረጎን ስትወርዱ እግር በጫማው ውስጥ ወደፊት እየተንሸራተተ ጥፍር ይመታል። ከሁለት ቀን በፊት ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉ፣ ምርኩዝ ያዙ። ከእኛ ሁለቱ ምርኩዝ መያዝ የሽማግሌ ነው ብለው ስቀው ነበር፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደረጃ የሚወርዱት ወደ ኋላ ዞረው ነው።

ስንቅ ብዙ አትሸከሙ። በሶ፣ ቆሎ፣ ተምር ይበቃል፤ የወሎ ሰው እንግዳ አያስርብም። ውሃው ላይ ግን አትዘናጉ፤ ከምንጭ ከቀዳችሁ ውሃ አጋር ጨምሩበት፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ለፓወር ባንክም ቦታ አይጥፋ።

ስለ ሶላት ብዙ ጠይቃችሁናል። እኛ ከመነሳታችን በፊት ኡስታዛችንን ጠይቀን ነበር። በሻፊዒዮች መለኪያ ሶላት የሚያጥረው መንገዱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ነው፤ የእኛ ከዚያ ስለማይደርስ ሙሉውን ስገዱ አሉን። ኹፍ ላይ ማበስም እንደ ነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት ብቻ ነው እንጂ እንደ መንገደኛ ሦስት ቀን አይሆንም አሉ። ያን ጊዜ ሰምተን ያለፍነው ነገር ነው፤ በኋላ ግን ትልቁ ነገራችን እርሱ ሆነ።

አባባ ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን የቆዳ ኹፍ ሐሙስ ለፈጅር ውዱእ አድርገው አጠለቁ። በላዩ ላይ ለጉዞው ብለን ያዋጣንላቸውን አዲስ ጫማ አደረጉ። አዲስ! ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቀድመው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሊያለማምዱት ይገባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከእኛ ፊት ነው የሄዱት። "አባባ፣ እግርዎ እንዴት ነው?" ስንል "አብሽሩ፣ ምንም አይሰማኝም" ይላሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ምንም አይሰማቸውም። ስኳር ዓመታት ሲቆይ የእግርን ስሜት እንደሚያደነዝዝ ከመካከላችን ያሰበው አልነበረም። እኛ የተጨነቅነው ስኳራቸው ወርዶ እንዳይወድቁ ነበርና ኪሳቸውን ከረሜላና ተምር ሞልተን፣ መድኃኒታቸውንና ምግባቸውን በሰዓቱ እያስታወስን ሄድን። እርሱ ትክክል ነው፤ እናንተም አድርጉት። ግን ግማሹ ነው።

ሌሊቱን ኮምቦልቻ አደርን። አባባ ኹፉ እንዳይፈርስባቸው ሳያወልቁ ተኙ፤ የዓርብ ፈጅርንም አብሰው ሰገዱ።

ዓርብ ለጁሙዓ ዳገቱ ላይ ያለች አንዲት የገጠር መስጂድ ደረስን። ጊዜው ስላለቀ አባባ እግራቸውን ማጠብ ነበረባቸው። ኹፉን ሲስቡት አልወጣ አለ። ሁለት ሆነን አወለቅንላቸው። የቀኝ ትንሿ ጣትና ከሥሯ ያለው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ከኹፉ ጋር ተጣብቋል። ከጀበናው የፈሰሰው ውሃ ቀላ። አባባ ዝቅ ብለው አዩና "የማን ደም ነው?" አሉ።

ከጁሙዓ በኋላ ክርክሩ ተነሳ። ልጃቸው ወደ ደሴ እንመለስ አለ። አባባ ቃል ለአላህ ነው የገባሁት፣ ብሞትም መንገድ ላይ ልሙት አሉ፤ አንዳንዶቻችን፣ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፣ ልባችን ወደ እርሳቸው አደላ። ትንሽ ስለቀረን ነበር። የመስጂዱ ሸህ አጠገባችን ተቀምጠው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ነቢያችን (ሶለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም) በሁለት ልጆቹ ተደግፎ የሚሄድ ሽማግሌ አይተው የጠየቁበትን ሐዲስ አነሱ። በእግሩ ሊሄድ ተስሎ ነው ሲሏቸው፣ አላህ ይህ ሰው ራሱን ከሚያሠቃይበት የተብቃቃ ነው ብለው እንዲጋልብ አዘዙት። ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ ያለ ነው። ሸህየው ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ተነስተው በቅሎ ያለው ጎረቤት ሊጠሩ ሄዱ።

አባባ ጥቂት ቆይተው "በቅሎዋ ደህና ናት?" ብለው ጠየቁ።

እኛም እንግዲህ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥበን፣ ቆዳውን ሳንቆርጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰርን። የሚሰማ እግር ላይ ትንሽ ነገር ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያለበት ቁስል ነው፤ እኛ ሌሊቱን ሐድራው ላይ አድረን ቅዳሜ ከሰዓት ነው በመኪና ወደ ደሴ የወሰድናቸው። ያን አንድ ቀን እስከ ዛሬ እንቆጥረዋለን። ሁለት ወር በፋሻ ከቆዩ በኋላ ትንሿ ጣት ተቆረጠች። እግሩ ተርፏል።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው አብሯችሁ ካለ "ያምዎታል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ባረፋችሁበት ሁሉ ጫማውን አስወልቃችሁ እዩ። ኹፍ ላይ ማበስ የተፈቀደ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ግን በየሶላቱ ቢታጠብ ይሻለዋል። ካልሲ ሁለት ጥንድ ይዛችሁ ላብ የነካውን ቀይሩ፣ ተረከዝ ላይ ቫዝሊን ቀቡ፣ ጣት መሐል ግን አትቀቡ። ስለት በራሱ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ሳትነሱ ዐሊም ጠይቁ፤ እኛ የጠየቅነው መንገድ ላይ ነው።

አባባ ያን ሌሊት ጀማ ንጉስ የገቡት በቅሎ ላይ ነው። የመንዙማው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እንውረድ ብለው ነበር፤ የበቅሎዋ ባለቤት እምቢ አላቸው። ሐድራው ውስጥ ሲቀመጡ የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ዱዓ አስደረጉ። የበቅሎዋን ባለቤት ስምም ጨምረዋል።

ዘንድሮ እንደገና እንሂድ እያሉን ነው። ኮምቦልቻ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያም በመኪና ብለን ተስማምተናል። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስንሄድ ግን ያን ጫማ አድርገው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ አገኘናቸው። "እያለማመድኩት ነው" አሉን።