መጀመሪያ ዝምታውን ስሙ

አንድ ነገር እንድትሞክሩ ልጋብዛችሁ። የጆሮ ማዳመጫችሁን ኮምፒውተራችሁ ላይ ሰኩ፤ ድምፁን ሁልጊዜ በምትሰሙበት መጠን አድርጉት፤ ነገር ግን ምንም አትክፈቱ። ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፍሽ የሚል ነገር ይሰማችኋል? ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ጭርጭር ይላል? ቻርጀሩን ስትነቅሉ የሚጠፋ እዝታ አለ? ካለ፣ ማንም ሳይዘምር፣ ማንም ሳይናገር ኮምፒውተራችሁ ራሱ እየተናገረ ነው።

እኔ ይህን ነገር ልብ ማለት የጀመርሁት በአንድ ካሴት ምክንያት ነው። እናቴ በወጣትነቷ በኳየር ስታገለግል የተቀዳ ነው፤ በአንዱ መዝሙር ውስጥ ብቻዋን የምትመራበት ቦታ አለ። እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ከድምፅዋ የቀረልን ይህ ብቻ ስለሆነ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥነው። በላፕቶፕ ስንሰማው ድምፅዋ ከእዝታ ሥር ሆኖ ይመጣ ነበር። በቤታችን “ካሴቱ አርጅቶ ነው” ይባል ነበር። ያንኑ ፋይል በዚያው ማዳመጫ በስልክ ስሰማው ግን እዝታው የለም። እንግዲያው ችግሩ ከካሴቱ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ መዝሙር የሚቀመጠው በቁጥር ነው። በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ለምሳሌ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው ክፍል ዳክ ይባላል፤ ማዳመጫውም ሞገዱን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። የላፕቶፕ ዳክ የሚኖረው ከፕሮሰሰሩ፣ ከዲስኩና ከኃይል መስመሩ ጎን ስለሆነ የእነርሱ የኤሌክትሪክ ሁካታ ሊገባበት ይችላል። መፍትሔው ሥራውን ከሳጥኑ ውጭ ማሠራት ነው። ቁጥሮቹ በዩኤስቢ ይወጣሉ፤ ወደ ሞገድ የሚለወጡትም ውጭ ባለ ትንሽ ዳክ ነው።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በስልክ መሸጫ ሱቆች ያለው፣ አንድ ጫፉ ዩኤስቢ ሲ፣ ሌላው የማዳመጫ ቀዳዳ የሆነው አጭር ገመድ ብዙ ጊዜ በውስጡ ዳክ አለው። የሌላቸውም ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። 32 ኦም ለሆነ የተለመደ ማዳመጫ ይህ ይበቃል። ለስቱዲዮ የተሠሩት፣ 250 ወይም 300 ኦም የሆኑት ግን ማጉያ ያለው ዳክ ይሻላቸዋል፤ አለዚያ ድምፃቸው ሊደክም ይችላል።

እኔም ያንን አጭር ገመድ ገዛሁ። እዝታው ጠፋ። የካሴቱ ፍሽታ ግን አሁንም አለ፤ እርሱ የቀረጻው አካል ነው። እናቴ መምራት ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ያ ትንፋሽ ሁልጊዜም በፋይሉ ውስጥ ነበረ። ዳኩ ምንም አልጨመረም፤ የሸፈነው ነገር ብቻ ተነሣ።

ስለዚህ ከዳክ የማይሆን ነገር አትጠብቁ። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ በየሰከንዱ የሚይዘው መረጃ ከሲዲው 1,411 ኪሎቢት አንድ አሥረኛውን አይሞላም። ሲጨመቅ የተጣለውን በየትኛውም ዋጋ የሚሸጥ ዳክ አይመልሰውም። ከዕቃው በፊት የተሻለ ቅጂ ፈልጉ። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩም ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ጥቂት ከፍ ያለው ሁሉ ለጆሮ የተሻለ ይመስላልና። ጓደኛችሁ ሳያሳያችሁ ይቀያይርላችሁ። መለየት ካልቻላችሁ ገንዘቡን ኪሳችሁ አቆዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። እዝታ ባለበት እጃችን ድምፁን ወደ መጨመር ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል መጠን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳያዳምጥ ይመክራል፤ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። በውስጥ ጆሯችን ያሉ ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ዳክ ይቀየራል፤ ጆሮ ግን አይቀየርም።

በቤታችሁም የወላጆቻችሁ ወይም የአያቶቻችሁ ድምፅ ያለበት ካሴት ካለ፣ ቴፑ ሳይጎዳ በዚህ ክረምት አስገልብጡት። ሳይጨመቅ እንዲቀመጥላችሁም ጠይቁ። የተሻለ ማዳመጫ ነገም ይገዛል፤ ያ ድምፅ ግን ከጠፋ ከየትም አይገዛም።